የሙዚቃ ሰርቨርና ስትሪመር ልገዛ ነው፤ ኢንተርኔት ሲጠፋም የሚያጫውት ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጎፋ ሰሚ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ውስጥ ወደ 400 የሚጠጉ ሲዲዎችና ሁለት ካርቶን ሙሉ ካሴት አለ። አብዛኛው የአባቴ ስብስብ ነው። ሳሎን ደህና አምፕሊፋየርና አንድ ጥንድ ስፒከር አለን። አምፑ የድሮ ስለሆነ ያለው የአርሲኤ መግቢያ ብቻ ነው፤ ቀይና ነጯ። አሁን የምንሰማው ከስልክ በብሉቱዝ ነው። ስልክ ሲደወል ዘፈኑ ቀጥ ይላል። ስልኬን ይዤ ጓሮ ስወጣ ይቆራረጣል። ሰልችቶኛል።

አክስቴ ለገና ከአሜሪካ ትመጣለች፣ የምትፈልገውን ላምጣልህ ብላኛለች። በጀቴ 400 ዶላር ገደማ ነው። ፋይበር አስገብተናል፤ ግን አልፎ አልፎ ይቋረጣል። የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ። እናቴም ማንንም ሳትጠራ ከራሷ ስልክ መርጣ እንድታጫውት እፈልጋለሁ።

ሰርቨሩና ስትሪመሩ አንድ ላይ የሆነ ዕቃ ይሻላል ወይስ ለየብቻ? ብሉሳውንድ፣ ዊም፣ ኤቨርሶሎ፣ ራስበሪ ፓይ ሲባል ስሰማ ዞሮብኛል።

ኬብል ሳቢው

ወንድሜ፣ ስለ ዕቃ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ወስን። ሙዚቃህ የት ነው የሚኖረው? ቤትህ ባለ ዲስክ ላይ ወይስ በየወሩ እየከፈልክ ከኢንተርኔት? ከጻፍከው እንደገባኝ የመጀመሪያው ነው። እንግዲያው ኢንተርኔት ሲሄድ አብሮ ዝም የሚል ሲስተም አትግዛ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ራውተሩ እስከበራ ድረስ የቤት ውስጥ ኔትወርክ ይሠራል። ሰርቨሩ ቤት ካለ ስትሪመሩ ያገኘዋል። የእናትህ ስልክም ሁለቱንም ያገኛቸዋል።

የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ፋይሎቹን ይዞ ማውጫ ያዘጋጃል። ስትሪመሩ ከሰርቨሩ እየተቀበለ ያጫውታል። ዳክ የሚባለው ዲጂታሉን ያንተ አምፕ ወደሚቀበለው አናሎግ ይቀይራል። ስልኩ ሪሞት ብቻ ነው፤ ድምፁ በሱ በኩል አያልፍም። ስለዚህ ቢደወልም ዘፈኑ አይቆምም፣ ስልክህን ይዘህ ገበያ ብትሄድም ይቀጥላል።

እኔ ለየብቻ ይሁን ባይ ነኝ። ለስትሪመር ዊም ፕሮ ይበቃሃል። አሜሪካ ሲወጣ ዋጋው 149 ዶላር ነበር። ዳኩ ውስጡ ነው፣ የአርሲኤ መውጫ አለው፣ የኔትወርክ ኬብልም ይቀበላል። ለሰርቨር ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ካለ ምንም አትግዛ። ሊሪዮን የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ጫንበትና ዲስኩን ሰካበት። ዊም ሊሪዮንን ይቀበላል፣ ሁለቱ ይግባባሉ።

ስለ ቦታ አትጨነቅ። የሲዲ ድምፅ 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ ነው። ሳይታመቅ በሰዓት 635 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ፍላክ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ስትቀይረው ከጥራቱ ምንም ሳይቀነስ ግማሽ አካባቢ ይሆናል። 400 ሲዲ 150 ጊጋባይት ገደማ ነው። ባለ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ዲስክ ከካሴቶቹም ጋር ተርፎህ ይቀራል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ከሜሪላንድ። ኬብል ሳቢው የሚለው ትክክል ነው፤ ግን ሰዉ ሁሉ ላፕቶፕ እያስተካከለ መኖር አይፈልግም። ዊም አልትራን እይ። እዚህ 329 ዶላር ነበር ሲወጣ። ስክሪን አለው፤ ዲስክ በዩኤስቢ በቀጥታ ትሰካበታለህ፣ በቃ ሰርቨሩም ስትሪመሩም እሱ ነው። ዲስኩን ጨምረህ በጀትህ አካባቢ ትሆናለህ። ብሉሳውንድ ኖድና ኤቨርሶሎ ዲኤምፒ ኤ6 ቆንጆ ዕቃዎች ናቸው፤ ላንተ ግን ከበጀት በላይ ናቸው።

እኔ ቤት ያለው ሩን የሚባለው የሚከፈልበት የሙዚቃ ሶፍትዌር ነው። ስለ ዘፋኙ፣ ስለ ባንዱ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ ሁሉ እያገናኘ ያሳያል። አንድ አልበም ልሰማ ቁጭ ብዬ በዚያው ሌላ አምስት አገኛለሁ። አንዴ ከለመዱት ሌላው አፕ ባዶ ነው የሚመስለው።

ኬብል ሳቢው

እህቴ፣ ስለ አልትራ ልክ ነሽ። ጣጣ ለማይፈልግ ሰው ጥሩ መልስ ነው። የኔ ቅሬታ የስብስቡ አያያዝ ላይ ነው። ሰርቨሩ ለብቻው ሲሆን ፋይሎቹን ከላፕቶፑ ላይ ቁጭ ብለህ ታስተካክላለህ፣ ሌላ ክፍል ሌላ ስትሪመር ስትጨምር ሁሉም ከአንድ ቦታ ያጫውታሉ። ነገ ስትሪመሩ ቢበላሽ ሌላ ትተካለህ እንጂ ስብስቡን አትነካም።

ሩንን ግን ለአዲስ አበባ አልመክርም። ድምፁ ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን አባልነትህን ለማረጋገጥ በየጊዜው ኢንተርኔት ይፈልጋል። በወር ሲከፈል 14.99፣ የዕድሜ ልኩ 829.99 ዶላር ነው። የወንድማችንን በጀት እጥፍ ማለት ነው። ደግሞ ያ የምትወጂው ትስስር የሚመጣው ሩን አልበሙን ሲያውቀው ነው። ከመርካቶ የተገዛን ካሴት ከየት አውቆት? ያንን ሁሉ መረጃ የምትጽፊው ራስሽ ነሽ።

ሊሪዮንን የምመርጠው ነፃ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ታሪኩን ተመልከቱ። ስኩዊዝቦክስ ለሚባሉ ማጫወቻዎች የተሠራ ሶፍትዌር ነበር። ሎጂቴክ ኩባንያውን በ2006 ገዛው፣ በ2012 ስኩዊዝቦክስን መሥራት አቆመ፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የኢንተርኔት አገልግሎቱን ዘጋ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ግን የሶፍትዌሩ ኮድ ለሁሉም ክፍት ስለነበር ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ተረክበው ሊሪዮን ብለው ቀጠሉት። ያኔ የተገዙት ማጫወቻዎች ዛሬም ቤት ውስጥ ካለ ሰርቨር ይጫወታሉ። ኩባንያው ሲተወው አብሮ የሚሞት ዕቃ ላይ የአባትን ስብስብ ማስቀመጥ አልወድም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

የካሴቱን ነገር ተቀብያለሁ፤ እውነት ነው፣ የኛን ካሴቶች ሩን አያውቃቸውም። ለዚህ ቤት ሊሪዮን ይሻላል እላለሁ። ግን ገጽታው ደረቅ ነው። ማቴሪያል ስኪን የሚባለውን ተጨማሪ ጫኑበት፣ በነፃ ነው። የአልበሞቹ ሽፋን በትልቁ ተደርድሮ ይታያል፣ በስልክም ያምራል። እናትህ የምትመርጠው በሽፋኑ ይሆናል፤ የኔም እናት እንደዚያ ናት።

ዴይራ

ከዱባይ ነኝ። ስለ ራስበሪ ፓይ፣ ስለዚያች ትንሽ ኮምፒውተር፣ የመለሰልህ የለም። ፓይ 4 ላይ ሃይፋይቤሪ የሚባል የዳክ ካርድ አድርጌ ፒኮር ፕሌየር የሚባል የማጫወቻ ሶፍትዌር ጭኜበታለሁ። ሲነሳ ሙሉ በሙሉ ሜሞሪ ላይ ወጥቶ ነው የሚሠራው፣ ሶፍትዌሩ ያለበት ሚሞሪ ካርድ ላይ አይጽፍም። ስለዚህ መብራት ድንገት ቢሄድ ካርዱ የመበላሸት አደጋው በጣም ትንሽ ነው። ሊሪዮንንም እዚያው ላይ መጫን ይቻላል። ነካክቶ መሥራት የሚወድ ሰው ከሆንክ ነፍስ ነው። ካልሆንክ ግን ካርዱን፣ ሳጥኑንና ቻርጀሩን ስትደምር ከዊም ፕሮ ብዙም አይረክስም።

ልጠይቅ ደግሞ፣ ውድ ሰርቨሮች ድምፅ ይለውጣሉ የሚባለው እንዴት ነው? እዚህ ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጡ አያለሁ።

ኬብል ሳቢው

ፋይሉ ያው ፋይል ነው። በኔትወርክ ሲላክ ስህተት ካለ እንደገና ይላካል፣ ሳይጎድል ይደርሳል። ድምፁን የሚለውጡት ዳኩ፣ አምፑ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስፒከሩና ክፍሉ ናቸው። ለውድ ሰርቨር የሚወጣውን ገንዘብ ስፒከር ላይ አውሉት። ባዶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ባለበት ሳሎን ውስጥ ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ የሚያመጡትን ለውጥ የትኛውም ሰርቨር አያመጣውም።

ጎፋ ሰሚ

በጣም አመሰግናለሁ። አሮጌ ላፕቶፕ አለን፣ ባትሪው ትንሽ ነው የሚቆየው። ለየብቻ በሚለው እየሄድኩ ነው። ግን ካሴቶቹ አሳስበውኛል። አንዳንዶቹ ድምፃቸው ታፍኗል። እንዴት ነው የማስገባቸው?

ጋሼ ቴፕ

ልጄ፣ ይህን ጥያቄ በማንሳትህ ደስ ብሎኛል። ሲዲው ይቆይሃል። ካሴቱ ግን አይጠብቅህም። መጀመሪያ እሱን አድን።

ታፈነ ያልከው ካሴት ብዙ ጊዜ አልሞተም። ካሴቱ የተቀዳበት ማሽን ሄድና (ክሩን የሚነካው ክፍል ነው) ያንተ ቴፕ ሄድ አቀማመጣቸው ስላልገጠመ ነው። ከቴፑ ሄድ ጎን ትንሽ ብሎን አለች፤ አንዳንዴ በቀለም ታሽጋ ታገኛታለህ። ካሴቱ እየተጫወተ፣ በቀጭን ካቻቪቴ፣ እጅግ በትንሹ ወዲህና ወዲያ አዙራት። ብረት ያልሆነ ወይም ማግኔት የሌለው ካቻቪቴ ይሁን። የግራና የቀኙን ድምፅ አንድ ላይ ቀላቅለህ (ሞኖ አድርገህ) ስማ። «ሰ» እና «ሸ» የሚሉት ድምፆች፣ የከበሮው ሲምባል፣ የክራሩ ጫፍ ጥርት ብለው የሚወጡበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ተው። ለእያንዳንዱ ካሴት እንደገና ማስተካከል ሊኖርብህ ይችላል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጥሩ ሲገጥም ግን ዘፋኙ ከብርድ ልብስ ውስጥ እንደወጣ ያህል ነው።

ከዚያ በፊት ሄዱንና ላስቲኳን ጎማ አጽዳ። ሄዱን በአልኮል በነካ ጥጥ፣ ጎማዋን ግን በጥቂት ውኃ በረጠበ ጨርቅ ይበቃታል። ጥጡ ላይ ቡናማ ነገር እስካየህ ድረስ አልጸዳም። ካሴቱን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አስኪደውና መልሰው፤ ተጣብቆ የቆየ ክር ይላቀቃል። ክሩን ከሄዱ ጋር የምታስጠጋው ትንሽዋ ስፖንጅ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ይዋዥቃል። ከማይረባ ካሴት ወስደህ ለጥፍላት። በብሎን የታሰረውን ካሴት ፈትተህ ትሠራዋለህ፤ የተበየደውን ግን ክሩን አውጥተህ ወደ ሌላ ቀፎ ማዛወር ነው የሚሻለው።

ዶልቢ የሚለውን፣ የክሩን ሹክሹክታ የሚቀንሰውን ቁልፍ ተጠንቀቅ። ካሴቱ በዶልቢ ካልተቀዳ ስትጫነው ቀጭኑን ድምፅ ይበላብሃል። አጥፋው።

ኬብል ሳቢው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ስለ ቅጂው እኔ ልጨምር። ከቴፑ መውጫ ወደ ኮምፒውተር በዩኤስቢ የድምፅ ካርድ አስገባው። ኦዳሲቲ የሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም ነፃ ነው። በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎኸርዝ ቅዳ። ከዚህ በላይ ለካሴት ጥቅም የለውም። አንድ ሰዓት አንድ ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፣ ፍላክ ሲሆን ደግሞ ይቀንሳል። ከፍተኛው ድምፅ በፕሮግራሙ መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ላይ እንዲቀር አድርግ፤ ዜሮ ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ አይጠገንም።

አንድ ነገር አደራ። ሹክሹክታውን የሚያጸዳ ሶፍትዌር የምትጠቀም ከሆነ በሌላ ቅጂ ላይ አድርገው። የመጀመሪያው ቅጂ እንዳለ ይቀመጥ። ማጽጃው ከሹክሹክታው ጋር የማሲንቆውንም እስትንፋስ ይወስዳል።

ለሲዲው ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለውን፣ ሲዲን ወደ ፋይል የሚቀይር ፕሮግራም ተጠቀም። ያወጣኸውን ቅጂ ሌሎች ሰዎች ካወጡት ጋር የሚያስተያይ አኩሬትሪፕ የሚባል ነገር አለው። ብዙ የኛ ሲዲ እዚያ መዝገብ ላይ የለም፤ አትደንግጥ። ቴስት ኤንድ ኮፒ የሚለውን ምረጥ። አንዱን ዘፈን ሁለቴ ያነበዋል። ከሁለቱ ንባቦች የሚያወጣቸው የማረጋገጫ ቁጥሮች ከገጠሙ ቅጂህ ትክክል ነው ማለት ይቻላል።

መዝገብ ያዥ

ሁላችሁም ስለ ዕቃና ስለ ቅጂ ጻፋችሁ። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ስም ላይ ነው። አሁኑኑ ሥርዓት ካላበጀህ በኋላ ጨርቅህን ጥለህ ነው የምትሄደው።

ሰርቨሩ ዘፋኝና አልበም የሚደረድረው በፎልደርህ ስም አይደለም። የሚያየው ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን ታግ ነው፤ የዘፋኙን፣ የአልበሙንና የዘፈኑን ስም ማለት ነው። ጥላሁን ገሠሠን ውሰድ። በአንድ ሲዲ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ዓይነት ተጽፏል። በፈረንጅ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳይ የታተሙት ሲዲዎች ላይ ደግሞ ስሙ ሲጀምር «ቲ» እና «ኤል» ተያይዘው ነው፣ መሐላቸው አናባቢ የለም። በአማርኛ ጻፍኩት ስትል ደግሞ አንዱ ላይ ገሠሠ፣ ሌላው ላይ ገሰሰ ይሆናል። ለኛ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ ግን «ሠ» እና «ሰ» የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ አራት ጥላሁን ይደረድርልሃል። እናትህ አንዱን ከፍታ ሦስት ዘፈን ታገኝና ሌላው የት ሄደ ትልሃለች። ማሕሙድ አሕመድም እንደዚያው ነው፤ «ህ»፣ «ሕ» እና «ኅ» ጉድ ይሠሩሃል።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ የዘፋኞቹን ስም ጻፍ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አጻጻፍ ምረጥ፣ ከዚያ ፈቀቅ አትበል። ከዚያ ኤምፒስሪታግ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉ ፎልደር መርጠህ በአንዴ ትለውጣለህ። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ፍላክንም ይሠራል።

የተለያዩ ዘፋኞች ያሉበት አልበም ሲሆን «አልበም አርቲስት» የሚለው ቦታ ላይ ለሁሉም ዘፈን አንድ ዓይነት ነገር ጻፍ፣ ለምሳሌ «የተለያዩ ድምፃውያን»። ካልጻፍክ አንዱ አልበም አሥራ ሁለት ቦታ ይበታተናል። የባንዱን ስም ደግሞ አትተወው። ኦርኬስትራው ማን እንደነበር ካሴቱ ጀርባ ላይ ተጽፎ ካገኘህ ማስታወሻው ላይ አስገባ። አቀናባሪውንም እንደዚሁ። ያ መረጃ ሌላ ቦታ ላይኖር ይችላል። ሽፋኑን በፊትም በጀርባም ፎቶ አንስተህ እዚያው ፎልደር ውስጥ አድርግ።

በአማርኛ ፊደል ለመጻፍ ካሰብክ መጀመሪያ በጥቂት አልበሞች ሞክር። ስልክና ኮምፒውተር ላይ ችግር የለም። አንዳንድ ማጫወቻዎች ስክሪን ላይ ግን ፊደላችን ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይመጣል። ያንተ ስክሪን የለውምና ግድ የለህም።

ጎፋ ሰሚ

ይህን አላሰብኩትም ነበር። በአማርኛ አደርገዋለሁ፤ እናቴ የምታነበው እሱን ነው። የወሰንኩት ዊም ፕሮ፣ 1 ቴራ ኤስኤስዲ፣ የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ፣ ሰርቨሩ ላፕቶፑ። የቀረችኝ የመብራት ጉዳይ ናት። አምፑ ከጠፋ ሰርቨሩ ቢበራ ምን ዋጋ አለው?

ኬብል ሳቢው

ዋጋው ዲስኩን ማዳን ነው። ሰርቨሩ እየጻፈ ሳለ መብራት ቢሄድ ማውጫው ሊበላሽ ይችላል። ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ግን አይደነግጥም። ባትሪው ትንሽ ይቆያል ያልከው ይበቃል። ሊያልቅ ሲል ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ አድርገህ ሴቲንግ ላይ አስተካክለው። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ አድርግ። ሁልጊዜ ተሰክቶ ስለሚኖር ባትሪው እንዳያብጥ አልፎ አልፎ እየው። እስከ 80 በመቶ ብቻ እንዲሞላ የሚያደርግ ምርጫ ካለው አብራው።

ዲስኩን ፎርማት ስታደርግ ኤክስፋት የሚለውን አትምረጥ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ፣ ሊኑክስ ከሆነ ኤክስት4 አድርገው። እነዚህ ሁለቱ ድንገተኛ መቋረጥን ከኤክስፋት በተሻለ ይቋቋማሉ።

ለራውተሩ ሚኒ ዩፒኤስ (ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ) ፈልግ፤ 5፣ 9 እና 12 ቮልት መውጫ ያለው። ራውተርህ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ዊም ፕሮ በታይፕ ሲ 5 ቮልት ስለሚሠራ እሱንም ከዚያው ታበራዋለህ።

ከአሜሪካ ስለሚመጣ ዕቃ በጠቅላላ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ከሌለ እዚህ ሶኬት ላይ አትሰካው። የኛ 220 ነው። የዊም ፕሮ ቻርጀር እግሩ የአሜሪካ ቢሆንብህ ጥሩ የስልክ ቻርጀር ይተካዋል።

ጋሼ ቴፕ

ቅጂውን አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጥ ልጄ። ኤስኤስዲ ሲሞት ሳይናገር ነው የሚሞተው። ሁለተኛ ርካሽ ሃርድ ዲስክ ግዛና ሙሉ ቅጂ አድርግበት። አክስትህ ስትመለስ እሱን ይዛ ትሂድ። ሌባም ሆነ እሳት ቢመጣ ሁለቱን አያገኝም። ካሴቶቹን ደግሞ ቀዳኋቸው ብለህ እንዳትጥል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ ልክ ናቸው። አክስትህም ኮምፒውተሯ ላይ ሊሪዮንን ጭና፣ ዲስኩን ሰክታ የወንድሟን ስብስብ እዚህ ትሰማዋለች።

ጎፋ ሰሚ

አክስቴ ይህን ስነግራት ሌላ ዲስክ እሷ እንደምትገዛ ነገረችኝ! ጋሼ፣ ካሴቶቹ አይጣሉም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፤ የእናቴ ስልክ አንዳንዴ ሰርቨሩን ባያገኘውስ?

ኬብል ሳቢው

የዚህ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ለላፕቶፑ የሚሰጠው አድራሻ ስለሚቀየር ነው። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ላፕቶፑ ሁልጊዜ አንድ አድራሻ (አይፒ) እንዲያገኝ አስይዘው። ከዚያ በእናትህ ስልክ ብራውዘር ያንን አይፒ፣ ቀጥሎ «:9000/material» ጽፈህ ማቴሪያል ስኪንን ክፈት። ገጹን ሆም ስክሪን ላይ አስቀምጥላት፤ እንደ አፕ ትነካዋለች። ስልኳ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆነ ግን አያገኘውም፤ ዋናው ላይ ይሁን። ላፕቶፑንና ዊሙን ከተቻለ ሁለቱንም በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኛቸው።

ሁሉም ከተሰካካ በኋላ ሞክረው። የፋይበሩን መስመር ከራውተሩ ንቀልና እናትህ አንድ አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታጫውት። ካልሠራ እዚሁ ጻፍልን፣ የራውተሩን ሞዴልም ጨምር።